ስመ ቅዱሳንና የንግድ ምልክት

ከጥቂት ወራት በፊት በዕድሜ የገፉ አንድ ምእመን ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ወደ እኛ መጡ። እኚህ ሰው ዕጣንና ጧፍ፣ ጥላና መጎናጸፊያ፣ ሌላም ንዋየ ቅድሳት በመሸጥ የሚተዳደሩ ናቸው። ልጃቸው በጽኑ ታሞ ሳለ ለሊቀ መላእክት ለቅዱስ ገብርኤል ተስለው ስለ ነበር፣ ልጁ በዳነ ጊዜ ሱቃቸውን በመልአኩ ስም ሰይመው ኖረዋል። ደብዳቤው በጠበቃ እጅ የተጻፈ ነበር። ሌላ ነጋዴ ያንኑ ስም ከነሥዕሉ ለዕጣንና ለሻማ የንግድ ምልክት አድርጎ ስላስመዘገበ፣ ሽማግሌው ስሙን ከሱቃቸው ሰሌዳና ከዕቃቸው መጠቅለያ ላይ እንዲያነሡ ያስጠነቅቃል። እርሳቸውም፣ «አባቶቼ፣ የመልአኩን ስም ከእኔ ወስዶ ለሌላ የሚሰጥ ማን ነው? እርሱስ ከማን ገዛው?» ብለው ጠየቁን።

ለጊዜው የሚያረካ መልስ አልሰጠናቸውም። ጥያቄው ግን ከአእምሯችን ሊወጣ ስላልቻለ፣ ሕግ የሚያውቁትን ጠይቀን፣ በሌሎች አገሮች የተፈረደውንም ተመልክተን፣ ያገኘነውንና ያሰብነውን ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው፣ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የንግድ ምልክት ሕግ የተደነገገበት ምክንያት በራሱ ቅን ነው። ነጋዴ ዕቃውን በምልክት ይለያል፤ ገዢው በምልክቱ ያውቀዋል፤ አስመሳዩም የሌላውን ድካም እንዳይበላ ይከለከላል። ሐሰተኛ ሚዛንን የሚጠላ ሰው ሐሰተኛ ምልክትንም ሊጠላ ይገባዋል። መንግሥታት በ1883 በፓሪስ ከተማ ስለዚህ ጉዳይ ስምምነት አድርገዋል፤ በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ዓ.ም. ተደንግጓል። በአዋጁ መሠረት ምልክቱን ያስመዘገበ ሰው ለ7 ዓመት ብቸኛ ባለመብት ይሆናል፤ ክፍያውን ሲያድስ ደግሞ ለ7 ዓመት ይቀጥልለታል። የመልአክ ስም በ7 ዓመት የሚታደስ መሆኑን ስንሰማ ትንሽ መደነቃችንን አንሰውርም።

የፓሪሱ ስምምነትም ሆነ የእኛ አዋጅ ለሕዝብ ሰላምና ለመልካም ሥነ ምግባር ተቃራኒ የሆነ ምልክት እንዳይመዘገብ ይፈቅዳሉ። የመንግሥታት ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ በስምምነቱ በግልጽ ተጠቅሰው ተጠብቀዋል። የክርስቶስ መስቀል ግን አልተጠቀሰም። በሕግ በጥብቅ የተከለከለ አንድ መስቀል አለ፤ እርሱም ቀይ መስቀል የሚባለው የቍስለኞች መርጃ ዓርማ ነው። ይህንም ዓርማ የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት ለስዊስ አገር ክብር ሲባል የሰንደቅ ዓላማዋ ቀለማት ተገልብጠው የተሠራ መሆኑን ይናገራል። በጎ ሥራ የሚሠራበት ዓርማ ስለሆነ ጥበቃው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሕጉ መስቀሉን የጠበቀው ጌታ ስለ ተሰቀለበት አይደለም።

እንግዲህ ቅዱስ ስም በፊቱ ሲቀርብ ሕግ የሚጠይቀው ጥያቄ ምንድን ነው? «ይህ ስም ቅዱስ ነውን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይችልም። የሚጠይቀው «ይህን ሰምቶ የሚከፋ ማን ነው? ስንትስ ነው?» እያለ ነው። ይህን ልዩነት ለማሳየት በአሜሪካ የተፈጸመውን በጥቂቱ እንዘርዝር፤ የዚያ አገር መሥሪያ ቤት ለብዙ ዘመን ይህንኑ ሲመዝን ኖሯልና።

በ1938 አንድ ድርጅት «ማዶና» የሚለውን ስም፣ ይኸውም ምዕራባውያን እመቤታችንን የሚጠሩበትን፣ ለወይን ጠጅ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ቢጠይቅ፣ ጉዳዩን ያየው የይግባኝ ፍርድ ቤት ብዙ ሰዎችን የሚያሳዝን ነው ብሎ ከለከለው። በ1959 «ሰኑሲ» የሚለው ስም ለሲጋራ እንዳይሆን ተከለከለ፤ ሰኑሲ ትንባሆን የሚከለክል የእስላም ወገን ስም ነውና። በ2010 ደግሞ አንድ የዐረቄ ነጋዴ ድርጅት «ኾራን» የሚል ስም ለአልኮል መጠጥ አቀረበ። መሥሪያ ቤቱ «ይህ የእስላሞችን ቅዱስ መጽሐፍ ስም ይመስላል፤ እነርሱም አልኮል መጠጣት የተከለከሉ ናቸው» ቢል፣ ድርጅቱ «የለም፤ በአርመን ቋንቋ መሠዊያ ማለት ነው» ብሎ ተከራከረ። አልተቀበሉትም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ በመጨረሻው ነገር ላይ ጥቂት እንቈይ። የአርመን ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት እኅታችን ናት፤ የእርስዋ መሠዊያ የእኛም መሠዊያ ነው። በዚያ ክርክር ግን የመሠዊያ ስም በጠርሙስ ላይ መለጠፉ ነጋዴው ለመከላከያ ያቀረበው ነጥብ ነበር እንጂ የተከሰሰበት ጥፋት አልነበረም። ክርክሩ በሙሉ የቆመው ቃሉ በአሜሪካ ሕዝብ ጆሮ ምን ይመስላል በሚለው ላይ ነው። እኛ የእስላሞች ወገኖቻችን ክብር በመጠበቁ ቅር አይለንም፤ ደስ ይለናል እንጂ። የምንለው፣ በጆሮ የሚመዘን ቅድስና ሰሚው ሲያንስ አብሮ ያንሳል ነው።

ከጊዜ በኋላ ይህም ሚዛን ተነሣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ሰዎችንና እምነታቸውን የሚያዋርድ ምልክት እንዳይመዘገብ የሚከለክለውን፣ በ2019 ደግሞ ጸያፍና አሳፋሪ የሆነውን የሚከለክለውን የሕግ ቃል የመናገርን ነፃነት ይነካል ብሎ ሻረ። ሁለቱም ጉዳዮች በቀጥታ የሃይማኖት አልነበሩም፤ በ2019ኙ ፍርድ ግን መሥሪያ ቤቱ «የእግዚአብሔር በግ» የሚለውን የላቲን ቃል ለብረት ካዝና ምልክት እንዳይሆን ሲከለክል፣ «ኢየሱስ ስለ አንተ ሞተ» የሚለውን ለልብስ መፍቀዱን ዳኞቹ እንደ ምሳሌ ጠቅሰዋል። እምነትን ለሚደግፍ ቃል እየፈቀዱ ለሌላው መከልከል ለመንግሥት አይገባም ማለታቸው ነው።

ይህ ፍርድ ብዙ ክርስቲያኖችን አሳዝኗል፤ እኛም እናዝናለን። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ «ኢየሱስ ስለ አንተ ሞተ» የሚለው ቃል የአንድ ልብስ ሰፊ የግል ሀብት ሆኖ በተፈቀደ ጊዜ ያላዘንን፣ ሌላው ሲፈቀድ ብቻ ብናዝን፣ ሐዘናችን ለስሙ ነው ወይስ ለራሳችን? ስሙን በስድብ ማንሣት ግልጽ በደል ነው። ስሙን በመልካም ቃል አንሥቶ «የእኔ ነው፤ ሌላ አይንካው» ማለት ግን ስውር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳናውቀው ያልፋል።

ይህንም የሚገልጽ ነገር ተፈጽሟል። በኢጣልያ አንድ ድርጅት ለሚሸጠው ሱሪ የጌታን ስም በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ጂሰስ» ብሎ ሰጠው። በ1973 የተለጠፉት ማስታወቂያዎቹ አንዱ የዐሥርቱን ትእዛዛት መጀመሪያ፣ ሌላው የወንጌልን ጥሪ ለሱሪ መሸጫ ያጣመሙ ነበሩ። ይኸው ስም በ2005 በእንግሊዝ አገር ለምዝገባ ሲቀርብ በይግባኝ ተከለከለ፤ የጌታን ስም ለተራ ንግድ መያዝ ለሚያምኑት እጅግ የሚያስቈጣ መሆኑ ታይቶ ነው። በአሜሪካ ግን በ2007 ተመዘገበ። ከዚያም ባለቤቶቹ ሌሎች ልብስ ሰፊዎች በጌታ ስም የተጻፈ ምልክት ሊያስመዘግቡ ሲሞክሩ እየተቃወሙ እንደ ነበር በ2013 ተዘግቧል። ከሚቃወሟቸውም መካከል በራሳቸው ሐሳብ ለእምነታቸው ምስክር ሊሆኑ የፈለጉ ነበሩ። በሕግ ፊት ይህ ነውር አይደለም፤ ባለመብት መብቱን ጠበቀ ይባላል።

በህንድ አገር የተፈረደው ከዚህ ይሻላል። ሽማግሌያችን ይህን በሰሙ ጊዜ ፈገግ ብለዋል፤ ጉዳዩ የዕጣን ነጋዴዎች ነበርና። አንድ ነጋዴ «ራማያን» የሚለውን፣ ሂንዱዎች የሚያከብሩትን መጽሐፍ ስም ለዕጣን ምልክት አድርጎ ለብቻው ሊይዘው ቢፈልግ፣ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ከለከለው። የህንድ ሕግ የሕዝብን የሃይማኖት ስሜት የሚጎዳ ምልክት እንዳይመዘገብ በግልጽ ይደነግጋል። ፍርድ ቤቱ ግን ከዚያ አልፎ የቅዱሳት መጻሕፍትን ስም፣ ቍርአንንም መጽሐፍ ቅዱስንም ጨምሮ በመቍጠር፣ ማንም ሰው ለዕቃው መሸጫ የራሱ ብቻ ሊያደርገው አይችልም አለ። «ይህ ማንን ያስቀይማል?» ከማለት «ይህ የማን ነው?» ወደ ማለት ተጠጋ። ይሁን እንጂ ሌላ ቃል ተጨምሮበት የመጽሐፉ ስምነቱ ከጠፋ ሊመዘገብ እንደሚችል መናገሩን ልንሰውር አንፈልግም። ሕግ ሁልጊዜ አንድ በር ክፍት ይተዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ሐሳብ እንመለስ። ሕግ በሰው ስሜት መመዘኑ ለምን አይበቃም? በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን የንጉሥ ብልጣሶርን ግብዣ እናስታውስ። ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተማረኩት የወርቅና የብር ዕቃዎች ቀርበው ንጉሡና 1000 መኳንንቱ ወይን ጠጡባቸው። በዚያ አዳራሽ ሕዝቡ ቅር ተሰኝቶ እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልሱ ምን ይሆን ነበር? አንድ እንኳ የተከፋ አልነበረም፤ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ሆኖም በግድግዳው ላይ የምትጽፍ እጅ ታየች። ዕቃዎቹ ቅዱሳን የነበሩት የአይሁድ ስሜት እንዳይጎዳ አልነበረም፤ ለእግዚአብሔር የተለዩ ስለ ነበሩ ነው። ቅድስና መለየት ነውና፣ የተለየለት ጌታ እስካለ ድረስ የሚያዝንለት ሰው ቢጠፋም ቅድስናው አይጠፋም።

ስለ ስም ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የአስቄዋን 7 ልጆች ይጠቅሳል። እነርሱ የጌታን ስም አልሰደቡም፤ እንዲያውም በጎ ለሚመስል ሥራ፣ ለአጋንንት ማውጫ አነሡት። ነገር ግን እንደ ሰለጠነ የእጅ ባለሙያ መሣሪያ ያዙት እንጂ ለስሙ ባለቤት አልተገዙም። ርኩሱ መንፈስ ኢየሱስንም ጳውሎስንም ዐውቃለሁ፣ እናንተ እነማን ናችሁ ብሎ እንዴት አቍስሎና አራቍቶ እንዳባረራቸው ምእመናን ሁሉ ያውቁታል።

የእኛ አባቶች ይህን ነገር በስም አወጣጣቸው አስተካክለው አስተምረውናል። ሕፃን ሲጠመቅ ገብረ መድኅን ወይም ወለተ ማርያም ተብሎ ይሰየማል፤ የመድኅን አገልጋይ፣ የማርያም ልጅ ማለት ነው። በዚህ አጠራር ባለቤቱ ቅዱሱ ነው፤ ንብረቱ ደግሞ ሰውየው ነው። የንግድ ምልክት ሕግ ይህን ይገለብጠዋል፤ ሰውየውን ባለቤት፣ ስሙን ንብረት ያደርጋል። አንድ ቅዱስ ስም ለብዙ ሺህ ሕፃናት ቢሰጥ አያንስም፤ አንዱም በሌላው ላይ ክስ አያቀርብም። በምዝገባ የተያዘ ስም ግን ለአንዱ ሲሆን ከሌላው ይወሰዳል።

«እንግዲያውስ ቤተ ክርስቲያን የራስዋን ስም ልታስመዘግብ አይገባትም ማለት ነውን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በካህናትም መካከል ሁለት ዐይነት አሳብ ሰምተናል። እኛ የምንመልሰው በአንድ ታሪክ ነው።

በፈረንሳይ ተራሮች ላይ ቅዱስ ብሩኖ የሚባል አባት በ1084 የመሠረተው ገዳም አለ። መነኮሳቱ ከዕፅዋት በሚቀምሙት መጠጥ ይተዳደሩ ነበር፤ መጠጡም በገዳማቸው ስም «ሻርትሮዝ» ይባላል። በ1903 የፈረንሳይ መንግሥት መነኮሳቱን ከገዳማቸው አባረረ፤ ንብረታቸውንም ምልክታቸውንም ወስዶ አስተላለፈ። እነርሱ ግን የአቀማመሙን ምስጢር በልባቸው ይዘው በእስፓንያ አገር በታራጎና ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚህ ጊዜ ስሙ በአንድ ወገን፣ ስሙ የሚያመለክተው ነገር በሌላ ወገን ሆነ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ደርሶ፣ በ1911 የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስሙ በአሜሪካ የመነኮሳቱ ነው ብሎ ፈረደላቸው። የፈረንሳይ መንግሥት እጅ ከፈረንሳይ ወሰን አያልፍም፤ መጠጡንም የሚሠሩት እነርሱ ናቸውና።

ይህ ፍርድ ትክክል ይመስለናል። መነኮሳቱ የተከራከሩት ስለ ጌታ ስም ወይም ስለ ቅዱስ ብሩኖ ስም አይደለም፤ ስለ ቤታቸውና ስለ እጃቸው ሥራ ስም ነው። ገዢው ተታሎ የሌላውን እንዳይገዛ ነው። እንዲሁም የአንድ ገዳም ስም፣ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ማኅተም፣ የጠቅላይ ቤተ ክህነት ዓርማ በአጭበርባሪ እጅ ገብቶ ድሀዋ ምእመን መቀነቷን ፈትታ ያልታወቀ ሰው ኪስ እንዳትሞላ፣ ቤተ ክርስቲያን በሕግ አጥር ብታጥር አንነቅፍም፤ ባታጥር እንነቅፋለን። አጥሩ ለበጎቹ ነውና። ነገር ግን አጥሩ ከቤቱ አልፎ «ቅድስት ማርያም» የሚለውን ስም ራሱን ወይም መስቀሉን ራሱን ለመከለል ቢዘረጋ፣ ያን ጊዜ እኛም ከሱሪ ሻጩ ጋር በአንድ ረድፍ ቆመናል። ስሙ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው እንድትጠራው ነው።

በሌሎች ላይ ብዙ ስለ ተናገርን በራሳችንም ላይ አንድ ነገር እንናገር። በአዲስ አበባ ከ1922 ጀምሮ የሚጠመቀው ቢራ የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም፣ በፈረሱም ላይ ሆኖ ዘንዶውን የሚወጋበትን ሥዕል ይዞ መኖሩን የማያውቅ የለም። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1938 የእመቤታችን ስም ለወይን ምልክት አይሁን ሲል፣ በየወሩ በ23 ሰማዕቱን የምናከብር እኛ ግን ነገሩን ለምደነው ዝም ብለን ነበር። ድርጅቱን ለመክሰስ ይህን አላነሣንም፤ በሕግ የተፈቀደለትን ነው የሠራው። ቢከሰስም ሕጉ «የተከፋ አለን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ እኛም እጃችንን አላነሣንም። ማታ በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የሚወድቀው ጠርሙስ የማንን ሥዕል ይዞ እንደ ወደቀ ጐንበስ ብለን አላየንም።

ሽማግሌው ሁለተኛ በመጡ ጊዜ ይህን ሁሉ አጫወትናቸው። ስለ ክሱ ሕግ አዋቂ እንዲያማክሩ፣ ስሙን ቀድመው ይጠቀሙበት እንደ ነበር የሚያስረዳ ማስረጃም እንዲሰበስቡ ነገርናቸው፤ ስእለት ያለበት ሰው መብቱን በሕግ መጠየቁ ነውር የለውምና። ከዚያ በኋላ ግን፣ «እርስዎ ሱቁን ለመልአኩ ሰጡ፤ ያኛው ነጋዴ መልአኩን ለሱቁ ሰጠ። እስቲ እርስዎ ራስዎ ይንገሩን፤ ሱቁ እስከ ዛሬ የመልአኩ ሆኖ ኖሯልን?» ብለን ጠየቅናቸው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። በሚዛን እንዳልበደሉ እናውቃለን፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ኋላ ከኪሳቸው በጥንቃቄ የታጠፈ ፌስታል አወጡ። የሊቀ መላእክት ሥዕል ታትሞበታል፤ በአንዱ ክንፍ ላይ የጫማ ዱካ ይታያል። «ይህን ትናንት ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ከቦይ ውስጥ አነሣሁት። የእኔው ነው። ዕጣን ጠቅልዬ የሰጠሁበት ነው» አሉ። 3000 አሳትመው ገና 2000 ያህሉ እንደ ቀራቸው፣ ሰው ዕጣኑን አውጥቶ ፌስታሉን የት እንደሚጥለው ከዚያ ቀን በፊት አስበው እንደማያውቁ ነገሩን። ላቃጥለው ብል ሥዕል ነው፤ ልሸጥበት ብል ነገ ከቦይ አነሣዋለሁ፤ ምን ላድርገው ብለው ጠየቁን።

ስለ ክሱ ገና ፍርድ አልተሰጠም። እርሳቸውም አሁን ዕጣኑን ምንም ባልተጻፈበት ወረቀት እየጠቀለሉ ይሸጣሉ። የቀሩት ፌስታሎች በአንድ ሣጥን ታስረው መጥተው በዕቃ ቤታችን ተቀምጠዋል።